የአሪፋ አሚን

ሂንድ የዚያን ዕለት ጧት ደስታዋን የምታስቀምጥበት አጥታ ነበር። ስንት ሳምንት ሙሉ ከበረኪናና ከመወልወያ ጋር ስትታገል የከረመችበት የኦፕራሲዮን ክፍል ዛሬ ሊከፈት ነው! ክፍል ካሉት ማለት ነው። ጦርነቱ በሐይቅ ከተማ ላይ ሲያልፍ ሆስፒታሉን አራግፎት ነው የሄደው። የመስኮቱ መስታወት ረግፎ በቦታው ላስቲክ ተወጥሯል። መብራት ገና አልተመለሰም። የኦፕራሲዮን አልጋው ግን አለ፤ ዘራፊዎቹን ከብዷቸው ይሁን ረስተውት እንጃ፣ ብቻ አለ።

«ምን ጎደለን ታዲያ?» እያለች ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ትመላለሳለች። የጥር ፀሐይ በላስቲኩ በኩል ገብታ ክፍሉን ወለል አድርጋዋለች።

አዋላጇ የሺሀረግ በሩን ተደግፋ ትስቅባታለች። «ሙሽራ የሚገባ ነው እንዴ የመሰለሽ?»

«ሙሽራ ነው እንጂ! አንቺ ደግሞ!»

ሂንድ የማደንዘዣ ባለሙያ ናት፤ እዚያው ሐይቅ ተወልዳ ያደገች፣ የዓሣ ነጋዴው የአብዱልከሪም ልጅ። አፏ ፈጣን ነው፣ እጇ ደግሞ ከአፏ ይብሳል። ሰው «አደንዛዟ መጣች» እያለ ሲቀልድባት፣ «እኔ ባላደነዝዝህ ዶክተሩ እንደ ሙክት ነበር የሚዘረጋህ፣ አመስግነኝ!» ትላለች።

የጎደለውንማ ከማንም በላይ እሷ ታውቀዋለች። ሞኒተሩ ነው። በለውጡ ሰሞን የመጣ ጊዜ ሪባን ተቆርጦለት፣ ስንት ንግግር ተደርጎለት፣ ድፎ ዳቦም ተቆርሶለት ነበር። የበሽተኛውን የልብ ምት በመስመር፣ የደሙን ኦክስጅን በቁጥር እያሳየ፣ ጢ ጢ ጢ እያለ ይውላል። የተኛ ሰው ስለ ራሱ መናገር አይችልም፤ የሚናገርለት ያ ዕቃ ነበር። ልቡ ሲደክም ጩኸቱን ይቀይራል፣ ትንፋሹ ሲያጥር ያብዳል። አሁን ግድግዳው ላይ የቀሩት ቡሎኖቹ ብቻ ናቸው።

ቢሆንም ባዶ እጇን አይደለችም። ከተማው ሲሸሽ ሌላው ፍራሹን ሲሸከም እሷ ወደ ሆስፒታሉ ነበር የሮጠችው። በሽተኛው መተንፈስ ሲያቅተው በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ጎማ፣ አምቡ የሚሉትን፣ የደም ኦክስጅን የምታነበውን ትንሿን የጣት መለኪያ፣ የደም ግፊት መለኪያውንና ከመድኃኒቱም በእጇ የገባላትን ያህል በፌስታል ቋጥራ አመጣች። ከዚያ እናቷ የበርበሬ በርሜል ውስጥ ቀበረችው። ፈታሾች መጥተው በርሜሉን ቢከፍቱት አስነጥሷቸው መልሰው ዘጉት ብላ እናቷ ታወራለች። እውነቱን አላህ ይወቀው። ብቻ ዕቃው ተረፈ፤ አምቡው ግን ስንት ጊዜ ታጥቦ ታጥቦ እስከ ዛሬ በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

ረፋዱ ላይ ከውጫሌ በኩል አንድ ሚኒባስ ጡሩምባውን እያስጮኸ ግቢው ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ከውስጡ ወንዶች እየዘለሉ ወረዱ፤ ቃሬዛ ተሳበ። ቃሬዛው ላይ አንዲት ለጋ ሴት ተኝታለች። አሪፋ ትባላለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ አድራለች። ከአምባሰል ጋራ ላይ እስከ አስፋልቱ የሰፈሩ ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸክመው ነው ያወረዷት። ባሏ ኑርዬ አንድ እግር ጫማው መንገድ ላይ ቀርቶ ባዶ እግሩን ያነክሳል፤ እሱ ግን ያወቀውም አይመስል።

ከኋላቸው ጠና ያሉ ሴት ቀጥ ብለው እየመጡ ነበር። መስኡዳ ናቸው፣ የኑርዬ እናት። በሰፈራቸው ስማቸው የታወቀ ዱበርቲ ናቸው፤ ሴት ምጥ ሲይዛት ተጠርተው ሄደው ዱዓ የሚያደርጉ፣ የሚመርቁ፣ ግጥም እየደረደሩ አላህን የሚማጠኑ። አሁንም እየተራመዱ ዱዓቸውን አላቆሙም።

«ያ ረቢ፣ ጭንቋን ፍታላት!»

«አሚን!» አሉ ወንዶቹ።

«አሚን» አለች አሪፋም ከቃሬዛው ላይ፣ ጥርሷን ነክሳ። ሂንድ ይህቺን አየቻት። ምጡ አንጀቷን እየበጠሳት እንኳ አሚኗን አልረሳችም።

የሺሀረግ አሪፋን አስገብታ መረመረቻትና ፊቷ ተለውጦ ወጣች። «ልጁ ተጋድሟል። እጁን አስቀድሞ አውጥቷል። በዚህ መንገድ አይወለድም» አለች። «ልቡ ይመታል፣ ግን እየዘገየ ነው።»

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ታረቀኝ እጁን እየታጠበ ነበር። ነገር የማያበዛ፣ ሲፈራም የማያስታውቅበት ሰው ነው። «ደሴ እንላካት?» አለ።

«በምን?» አለች የሺሀረግ። «አምቡላንሱን ማን አስቀረልን? ሚኒባሱ እንደሆነ ነዳጅ የለኝም እያለ ነው። እስኪገኝ ልጁ ያልቃል፣ እሷም ትከተለዋለች።»

ታረቀኝ ወደ ሂንድ ዞረ። «እኔ ምላጩን እይዛለሁ። ሞኒተር በሌለበት ትንፋሿንና ልቧን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ትደፍሪያለሽ?»

ሂንድ አልጋውን አየች፣ ግድግዳው ላይ የቀሩትን ቡሎኖች አየች። አሪፋ እዚህ አልጋ ላይ ብትሞትስ? ሬሳዋን ያንኑ ጋራ ተሸክመው ሊያወጡት ነው። እነዚያ ወንዶች፣ ያ ባዶ እግሩን የሚያነክስ ልጅ። ብትላክ ደግሞ ሞቷ የተረጋገጠ ነው።

«እደፍራለሁ» አለች። «አስገቧት። ቶሎ!»

አሁን ሐሳቧ እንደ እጇ ፈጠነ። ሁለት መንገድ አላት። በኬታሚን ብታስተኛት ፈጣን ነው፤ ግን አሪፋ ከተኛች ውስጧ ምን እንደሆነ ማን ይነግራታል? በወገቧ መርፌ ብትሰጣት ግን ከደረቷ በታች ብቻ ይደነዝዛል፤ አሪፋ ነቅታ ታወራለች፣ እሷም ዓይን ዓይኗን እያየች ትከታተላታለች። «በወገብ ነው የምሰጣት» አለች። «ነቅታ ትቆየኝ። የጣት መለኪያዋም አለችልኝ።»

አሪፋን አልጋው ላይ አስቀምጠው የሺሀረግ ከፊቷ አቀፈቻት። ሂንድ የጣት መለኪያዋን ከኪሷ አውጥታ የአሪፋን እጅ ያዘችና ክው አለች።

ጣቶቿ በሙሉ ሂና ናቸው። ያውም ቀላ ያለ ሂና አይደለም፣ ድግም ድግም ተደርጎ ጥፍሯ ጥቁር አዝሙድ የመሰለ። መለኪያዋ በጣት ውስጥ ብርሃን አሳልፋ ነው የምታነብ፤ በዚህ ውስጥ ምን ብርሃን ይለፍ? ሰካችው። መለኪያዋ ሰረዝ ሰረዝ አሳይታ ዝም አለች። በሌላው ጣት ሰካችው፣ ያው ነው። ወደ እግሯ ጣት ሮጠች፣ እሱም ሂና። ጆሮዋ ላይ ብታደርገው ሸርተት ብሎ ወደቀ።

«ማነው ይህን የቀባሽ?» አለች ሂንድ፣ ጩኸቷ ሳታስበው ወጥቶ።

«እማዬ ናት» አለች አሪፋ እያቃሰተች፤ አማቷን ማለቷ ነው። «ልጁ በሰላም ቀን ነው የሚመጣ፣ እንደ ሙሽራ ሆነሽ ተቀበይው ብላ።»

በሩ አልተዘጋም ነበርና መስኡዳ ሰሙ። ደጁ ላይ እንደ ቆሙ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ውይ እኔን! አጠፋሁ? ሂናው ክፉ ነው እንዴ ልጄ?»

«ክፉ አይደለም እማ መስኡዳ፣ ክፉ አይደለም» አለች ሂንድ። የተረፈቻት አንዷ ዕቃም ከዳቻት። ታረቀኝ ጓንቱን አጥልቆ ይጠብቃታል፣ የሕፃኑ ልብ ይዘገያል። የደም ግፊቱንማ በእጅ ትለካለች፤ ግን እስክትነፋ፣ እስክታዳምጥ፣ እስክታስተነፍስ ድረስ ስንት ነገር ያልፋል? በየቅጽበቱ የሚነግራት ነገር ነው የምትፈልገው።

ይህን ጊዜ ነው ያቺ የቃሬዛዋ አሚን ትዝ ያለቻት።

ዘላ በሩ ላይ ደረሰች። «እማ መስኡዳ! ዱዓ ያውቃሉ አይደል?»

«ምን ጥያቄ ነው ይኼ?» አሉ መስኡዳ፣ በሐዘናቸው መሐል ቅር ብሏቸው። «ስንቷን ሴት ያዋለድሁበት!»

«በዚያ በላስቲኩ መስኮት በኩል ይቁሙልኝ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው ዱዓ ያድርጉ። በየመሐሉ ለአሚን ፋታ ይስጧት። ማንም እንዳይመልስ፣ ወንዶቹም ጭምር። አሪፋ ብቻዋን ናት የምትመልስ። አይቋረጥ! እኔ ‘ይብቃ’ እስክል አይቋረጥ!»

መስኡዳ አንድ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው በሕንፃው ዙሪያ እየሮጡ ሄዱ፤ በዚያ ዕድሜያቸው!

«ሞኒተርሽን አገኘሽ?» አለ ታረቀኝ፣ ከጭንብሉ ሥር የፈገገ ይመስላል።

«አገኘሁ! ያውም ባትሪ የማይፈልግ!»

መርፌውን ሰጠቻት። አሪፋ አጭር ናትና መጠኑን ቀነስ አድርጋለች፤ ግን መድኃኒቱ ሲገባ አንድ ኃይለኛ ምጥ መጥቶ አሪፋን አጣመማት፤ ምጥ መድኃኒቱን ሽቅብ ሊገፋው ይችላልና ሂንድ ይህቺን አልወደደቻትም። አስተኟት፣ ወገቧን በትራስ ወደ ግራ አዘነበሉላት። ጥቂት ቆይታ ሂንድ በአልኮል የራሰ ጥጥ ሆዷ ላይ አሳረፈች። «ይቀዘቅዝሻል?»

«ምኑ?» አለች አሪፋ። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ። «እንዴ! ምጡ የት ሄደ?»

«ላክሁት!» አለች ሂንድ፣ ሳቋ አመለጣት።

ከመስኮቱ ውጪ የመስኡዳ ድምፅ ተነሣ። ጥርት ያለ፣ ከጋራ ጋራ የሚሰማ የአምባሰል ድምፅ።

«አንድ ገብታለች ሁለት አርጋት፣
ከነልጇ ከቤቷ አድርሳት!»

«አሚን!» አለች አሪፋ። ሙሉ፣ ክብ አሚን። ሂንድ ራስጌዋ ቁጭ ብላ አንድ እጇን የአንገቷ ምት ላይ አድርጋ አዳመጠች። አሚኑ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፤ ሳምባዋ አየር ይገፋል፣ አእምሮዋ ደም ያገኛል፣ ጉሮሮዋ ክፍት ነው። ያ ባለ ሪባኑ ዕቃስ ከዚህ ሌላ ምን ይላት ነበር!

«ቅደድ!» አለችው ታረቀኝን።

«የተጋደመውን አቃናልን፣
ሳቁን ለቤታችን ስጠን!»

«አሚን!»

ግፊቷን ለካች። ትንሽ ወርዷል፤ ለዚህ የሚሆነውን ኤፌድሪን ቀድማ በሲሪንጅ ቀድታው ነበር፣ ሰጠቻት። ግሉኮሱንም ለቀቀችው። አሚኑ እንደገና ሞላ። ታረቀኝ እጁን አስገብቶ እግር ፈለገ፤ «ያዝሁ» አለ። ከዚያ ሕፃኗ እግሯን አስቀድማ፣ ያቺ ያበጠች እጇን እየጎተተች ወጣች። የሺሀረግ ተቀብላ በፎጣ አሸት አሸት አደረገቻት። አንድ ጊዜ ዝም። ከዚያ ክፍሉ በለቅሶ ተሞላ!

«ሴት ናት! ሴት ናት! እሰይ!» የሺሀረግ ጮኸች።

ለቅሶው በላስቲኩ አልፎ ውጪ ደረሰ። ያን ጊዜ ግቢው በእልልታ ተናጋ። ወንዶቹ ያፏጫሉ፣ ለመድኃኒት የመጡ በሽተኞች ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ሁሉ ተኩስ በኋላ በዚያ ግቢ የተሰማ የመጀመሪያው የምሥራች ነበርና ሰው ምን ያድርግ! ሂንድም እንባዋ መጣ። ለአፍታ፣ ለአፍታ ብቻ፣ እሷም ከእልልታው ጋር ሄደች።

ከዚያ ጆሮዋ አንድ ነገር ፈለገ፣ አጣ።

«ዝም በሉ!» ብላ ወደ መስኮቱ ጮኸች። «ዝም በሉ ብያለሁ! እማ መስኡዳ፣ ዱዓውን!»

ግቢው ጸጥ አለ። መስኡዳ ጀመሩ።

«የሰጠኸንን አትቀማን፣
ባረከትህን አትንፈገን!»

ፋታ ሰጡ። አሚን የለም።

ሂንድ ጎንበስ አለች። የአሪፋ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ዓይኗ ተከፍቶ ሂንድ ላይ ተተክሏል፣ ፍርሃት ሞልቶታል። «እጄን ጭመቂኝ! አሪፋ፣ ጭመቂኝ!» ያቺ ሂና የተቀባች እጅ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥላ ቀረች። ደረቷ አንዴ ከፍ አለ፣ አነሰ፣ ቆመ። የአንገቷ ምትም ከሂንድ ጣት ሥር እየራቀ ነው።

«መድኃኒቱ ወደ ላይ ወጣ!» አለች። የወገቡ ማደንዘዣ ሽቅብ ሄዶ የደረቷን፣ የእጇን፣ የትንፋሿን ጡንቻ ሁሉ ይዞታል ማለት ነው። «የሺ፣ ሕፃኗን አስቀምጫትና ነይ! ያን ያቀጠንሁትን አድሬናሊን፣ ሰማያዊ ምልክት ያለበትን! ትንሽ፣ ትንሽ በትንሽ!»

አምቡውን አነሣች፣ ጭንብሉን የአሪፋ ፊት ላይ ገጠመች፣ አገጯን ሳብ አድርጋ ጨመቀች። ደረቷ ተነሣ። ለቀቀች። ጨመቀች። ተነሣ! የሺሀረግ መድኃኒቱን ገፋች። የአንገቷ ምት ከራቀበት መለስ አለ፤ ደከመ፣ እንደገና መለስ አለ፣ ቆይቶ ጸና። ሂንድ የምትፈልገው ይህንን ነበር። መድኃኒቱ መውረዱ አይቀርም፤ እስከዚያ ልቧን በመድኃኒት፣ ትንፋሿን በእጅ ይዞ ማቆየት ነው። የዕቃውም ጉዳይ፣ የዕውቀቱም ጉዳይ አለቀ፤ የቀረው አለማቋረጥ ነው።

«እኔ ልስፋ?» አለ ታረቀኝ።

«ስፋ! ደሟ እንዳይፈስብኝ እንጂ!»

በዚህ መሐል ውጪ ያለው ጸጥታ ተለወጠ። መስኡዳ ሌላ ግጥም አውርደው ፋታ ሰጡ፤ መልስ የለም። ሌላ አወረዱ፤ የለም። ድምፃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኮሪደሩ በኩል ኑርዬ በሩን ይመታል። «ምን ሆነች? ለምን አትመልስም? ክፈቱልኝ!» ወንዶቹም ተነሥተው ሲንጋጉ ይሰማል። በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ መቀርቀሪያውም ሄዷል። አሁን ይህ ሁሉ ሕዝብ ክፍሉ ውስጥ ቢገባ፣ የአሪፋ ሆድ ገና እንደ ተከፈተ ነው።

መስኡዳ ሌላ አንድ ጨመሩ፦ «ያ ረቢ፣ ከደጅህ ነን፣ አትመልሰን!»

«አሚን!» አለች ሂንድ። እንዴት እንደ ወጣት አታውቀውም። በተቻላት መጠን ድምፅዋን አቅጥና፣ እንደ አሪፋ አድርጋ።

በሩ ላይ ያለው ድብደባ ቆመ።

መስኡዳ ለአፍታ ዝም አሉ። ሂንድ ጨመቀች፣ ለቀቀች። ከዚያ ድምፃቸው እንደገና መጣ፣ ከቅድሙ ይልቅ ጠንክሮ።

«እጃቸውን አትንሳቸው፣
ላባቸውን ከንቱ አታስቀረው!»

«አሚን!» አለች ሂንድ እየጨመቀች። ግን ከላብና ከሲቃ ጋር ስትታገል በሚቀጥለው ድምፅዋ ተሰብሮ ቀረ። ያን ጊዜ የሺሀረግ፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረችው የሺሀረግ፣ ሲሪንጁን በእጇ እንደ ያዘች «አሚን!» አለችላት። ሦስተኛው ሲመጣ ሂንድ የተንሸራተተ ጭንብሉን እያስተካከለች፣ የሺሀረግ መድኃኒት እየቀዳች ተጠምደው ነበር። ፋታው ሊያልፍ ሲል ከጭንብል ሥር አንድ የጎረነነ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«አሜን!»

ታረቀኝ ነው። ቀና ሳይል ይሰፋል። ሂንድና የሺሀረግ ተያዩ፤ በዚያ ጭንቅ መሐል ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ያዙት።

«ቀስ በል እንጂ፣ አሪፋን ጎልማሳ አደረግሃት!» አለች ሂንድ።

«ይሸታል እኮ» አለ እሱ። «ይህ ዕቃሽ በርበሬ ይሸታል፣ ጉሮሮዬን ይዞት ነው።»

ሂንድ ወደ አሪፋ ጆሮ ጎንበስ አለች። «አሪፋ፣ እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የምተነፍስልሽ። አብሽሪ። ልጅሽ ሴት ናት፣ አንጀት የምትበላ። እኔ አልደክምም፣ አንቺም እንዳትደክሚ።» ስትል ከአሪፋ ዓይን ጥግ አንድ እንባ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። አለች! ሰምታለች! ሂንድ ክንዷ እሳት ሆኖ ሳለ ክንድ እንዳላት ረሳች።

ከዚያ በኋላ ስንት ዱዓ እንደ ወረደ ማንም አልቆጠረም። መስኡዳ ድምፃቸው ሻከረ፣ ሻከረና ተሰነጠቀ፣ ግን አላቆሙም። ውስጥ ያሉት ሦስቱ እየተቀባበሉ አሚን ይላሉ፣ ሂንድ ትጨምቃለች። ታረቀኝ የመጨረሻውን ስፌት ቋጠረ፤ ደሙ ቆሟል። አሁን ሁሉም የሚያየው የአሪፋን ደረት ነው።

ሂንድ ልትጨምቅ ስትል አምቡው ትንሽ ገፋ አደረጋት። ጠበቀች። እንደገና ገፋ አደረጋት። ከሥር የሚመጣ ነገር አለ!

«እየተነፈሰች ነው» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ በጩኸት፦ «እየተነፈሰች ነው!»

ትንፋሿን እያገዘች፣ እየተወች፣ እያገዘች ቆየች። የአሪፋ ትከሻ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ክንዷ። እነዚያ ጥቁር ጥፍሮች የሂንድን ቀሚስ ያዙ፣ ጨመቁ። ሂንድ ጭንብሉን አነሣችላት።

ከውጪ የተሰነጠቀው ድምፅ መጣ። «ያ ረቢ፣ አፏን አትዝጋብን!»

ሂንድ አፏን ልትከፍት ነበር። የሺሀረግ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ሦስቱም ዝም አሉ።

«አ… ሚን» አለች አሪፋ።

ቀጭን ናት። ሸካራ ናት። ግን በላስቲኩ አልፋ ወጣች።

ከውጪ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ኋላ እንደ ተነገራቸው መስኡዳ ነበሩ፤ ባሉበት ዘጭ ብለው፣ መሬቱን በእጃቸው እየመቱ፣ «ይችኛዋ የሷ ናት! ይችኛዋ የሷ ናት!» ይሉ ነበር። ኑርዬ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም፤ እሱም ቁጭ ብሎ አብሯቸው አለቀሰ።

አሪፋን ወደ ማገገሚያ ክፍል ወሰዷት። ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ሂንድ ከአጠገቧ ልትነሣ አልፈለገችም፤ ሰው የሚጠፋው «ተረፈ» ተብሎ ዞር ሲባል ነው ትላለች ሁልጊዜ። በአንድ እጇ የደም ሥሯን ይዛ በየጊዜው ግፊቷን ትለካለች። ሕፃኗ ጡት ላይ ተለጥፋለች። መስኡዳ ከአልጋው ማዶ ተቀምጠዋል፤ ድምፅ የሚባል አልቀረላቸውም፣ ሹክሹክታ ነው።

«ልጄ» አሉ ሂንድን። «መጀመሪያ የመለስሽው አንቺ ነበርሽ፤ አይደል?»

ሂንድ ደነገጠች። «አውቀውብኝ ነበር?»

«አሪፋን ከልጅነቷ ጀምሮ ነው የማውቃት፣ ከጎረቤቴ ናት ያደገች። ሁለተኛዋ ያቺ አዋላጇ ናት። ሦስተኛው ደግሞ…» መስኡዳ ባልተረፈ ድምፃቸው ሳቁ። «አሪፋ ከመቼ ወዲህ ነው እንደ በሬ የምትጎረንን? ያውም አሜን!»

ሂንድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። እነዚያን ሁሉ ዱዓዎች አሰበቻቸው፤ አሪፋ እንደማትመልስ እያወቁ፣ ልጅቱ ሞታ ይሆናል እያሉ፣ በዚያ ፀሐይ ላይ ቆመው ያወረዷቸውን።

«እማ መስኡዳ፣ እሷ እንዳልሆነች ካወቁ ለምን አላቆሙም?»

መስኡዳ የአሪፋን ሂና የተቀባች እጅ አንሥተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ካቆምሁማ እናንተም ታቆማላችሁ ብዬ ፈራሁ» አሉ።